ውሃ የማይደፋበት ቤት

ጌታነህ ዘርጋው ከገዛ ገንዳው ሲወጣ የለበሰው ሰማያዊ የዋና ቁምጣ ብቻ ነበር። ቀኑ ኅዳር ሚካኤል፣ ዓመቱ ዘጠና ሰባት። እንደ ወጉ ኅዳር ሲታጠን ሐረር ቆሻሻዋን ጓሮ ለጓሮ ስታነድ ውላለች፤ ከጁገል ግንብ ውጭ ያለው አዲሱ ከተማም ከዳር እስከ ዳር በጭስ ታፍኗል። ኢንስፔክተር ፍፁም መሐረቡን አፍንጫው ላይ ይዞ የግቢውን በር ሲያልፍ መጀመሪያ ዓይኑ የገባው ሬሳው ሳይሆን ውሃው ነበር። የሐሮማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ የከተማው ቧንቧ ሲፈልግ ይንጠባጠባል፣ ሳይፈልግ ይተዋል። ሰው ለአንድ ጀሪካን እየተጋፋ ባለበት አገር አንድ ገንዳ ሙሉ ውሃ ማየት ያስደነግጣል።

ቤቱ ለፍፁም እንግዳ አይደለም። የሟቹ አባት አቶ ዘርጋው የክርስትና አባቱ ነበሩ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ገላነሽ ደግሞ የገዛ እናቱ ከሞተች በኋላ አጉርሰው አሳድገውታል። አለቃው ኮማንደር ወርቁ ይህን እያወቁ "አንተ ቤተኛ ነህ፣ ቶሎ ትጨርሰዋለህ" ብለው ላኩት። ቤተኝነት ለምርመራ ይጠቅማል የሚል ሰው የወንድም ያህል የሚያውቀውን ሰው ሬሳ አገላብጦ የማያውቅ መሆን አለበት።

"ማን አገኘው?" አለ ፍፁም።

"እኔ" አለ ተክለጻድቅ። የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ያስተምራል። "ከእማዬ ጋር ከንግሥ ስንመለስ ውሃው ውስጥ አየሁት። ዘልዬ ገብቼ አወጣሁት።"

"ጌታነህ ዋና ይችላል።"

"ልቡ ይሆናላ። መጠጥም ነበረው፣ ታውቃለህ።" ተክለጻድቅ ሊቀጥል ሲል ሳል ያዘው። ጉልበቱን ይዞ እስኪጎነበስ ሳለ። ዓይኖቹ በርበሬ የገባባቸው ይመስላሉ። ቡናማ ሱሪው ጉልበቱ አካባቢ ዥንጉርጉር ነጭ ነጠብጣብ አለበት።

"ጭሱ ነው" አሉ ወይዘሮ ገላነሽ ከበረንዳው ላይ። እሳቸውም ያስላሉ። "ና እጅህን ታጠብ ልጄ። ሬሳ ነክተሃል።"

በጣሳ ግማሽ ውሃ ቀድተው ፍፁምን ሳፋ ላይ አስታጠቡት። ሲጨርስ ሳፋውን በሁለት እጃቸው አንስተው እጣቢውን ሽንት ቤት በር ላይ ካለው ባልዲ ገለበጡት። ልጃቸው ምንጣፍ ላይ ተጋድሞ እያለ እንኳ እጃቸው ውሃ መድፋት እምቢ አለ። ፍፁምን ያሳደጉት እንዲሁ እየቆጠቡ ነው።

"ፍፁምዬ፣ ነገ ይቀበር" አሉት። "ሬሳውን አታቆዩብኝ። ፍትሐቱ ይድረስለት።"

"ሐኪም ሳያየው አይሆንም፣ እማማ።"

"ይየው። ግን ፍትሐቱ አይቅር።"

ፍትሐት ለምን ይቀራል? ፍፁም ጥያቄውን አንስቶ መልሶ ዋጠው። ሐዘንተኛ ብዙ ይላል።

ገንዳው የቤዛ ነበር። ጌታነህ ያቺን የድሬዳዋ ልጅ ሲያገባ መዋኘት ትወዳለች ብሎ ነው ያስቆፈረው። እሷ ከሞተች ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጌታነህ ከግቢው እምብዛም አይወጣም። ወንበር ገንዳው ዳር አስቀምጦ ጠርሙሱን ይዞ ይውላል። ውሃው ሲጠፋ ገንዳውን ማጠራቀሚያ አደረገው፤ በቦቴ ያስሞላል፣ ጎረቤት ይቀዳል፣ የሰፈር ልጆች በበዓል ቀን ይዋኙበታል። እሱ ራሱ ግን ቤዛ ከሞተች ጀምሮ እግሩን አስገብቶበት አያውቅም።

ታዲያ ዛሬ ምን አስገባው?

*

ሳኒ መርዶውን ሰምቶ ከጁገሉ ፈላና በር በሩጫ ነው የመጣው። ገንዳውን የሚንከባከበው እሱ ነው። የዒድ ልብሱን ለብሷል፣ ጥልፍ ኮፍያው ወደ ጆሮው ተንሸራቷል። ሬሳውን አይቶ "ኢና ሊላሂ" ብሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

"የት ነበርክ?" አለው ፍፁም።

"ትናንት ከሰዓት ነው የወጣሁት። ሸዋል ዒድ አይደል እንዴ አቦ! ዝክሩ ላይ ነው ያደርኩት፣ ፈላና በር ያለ ሰው ሁሉ አይቶኛል። ጋሼ ጌታነህ ራሱ 'ሂድ፣ በዓልህን አክብር' ብሎ ነው የለቀቀኝ።"

"ገንዳው ውስጥ ክሎሪን ምን ያህል አለ?"

"ምንም ያህል የለም።" ሳኒ ተነስቶ ከኪሱ ትንሽ የመስታወት ቱቦ አወጣ። ከገንዳው ውሃ ቀዳበትና ከጠርሙስ ጠብታ ጨመረበት። "ክሎሪን ካለ ቢጫ ይሆናል። ከበዛ ብርቱካን ይሆናል። ይኸው፣ እየው።"

ውሃው እንደነበረ ኩልል ብሎ ቀረ።

"ሳምንቱን ሙሉ ፀሐይ በላችው" አለ ሳኒ። "ሰኞ ልጨምር ነበር። የጎረቤቷ ልጅ ጆሮዋ መግል ከያዘ ወዲህ ጋሼ ጌታነህ ክሎሪን ክሎሪን እያለ ወጥሮ ይዞኛል። 'ልጆቹ በኔ ውሃ ከታመሙ ምን ሰው ነኝ?' ይለኛል።"

ፍፁም ቱቦውን ተቀብሎ ወደ ብርሃኑ አነሳው። እንዲህ ያለ ውሃ አንድን ዋናተኛ ሰው የሚገድልበት ምክንያት አልታየውም። ግን ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው ይባላል፣ ሐኪሙ ይናገር ብሎ ተወው።

ሐኪሟ በማግስቱ ጠዋት ተናገረች። ዶክተር ሰላማዊት ጓንቷን እያወለቀች ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

"ሰውየው አልሰመጠም። ሳንባው ውስጥ የገንዳ ውሃ የለም። ጉሮሮው ግን እስከ ታች ተቃጥሏል። የተነፈሰው ነገር ነው ያቃጠለው።"

"የኅዳር ጭስ?"

"ጭስ ቢሆን ጥላሸት አገኝ ነበር። የመርዝ ጋዝ ነው። ገንዳ ካለበት ቤት ስለመጣ ክሎሪን ነው ብዬ እገምታለሁ። በጠባብ ቦታ፣ ብዙ ሆኖ። እና የጣቶቹን ጫፍ እይ፣ ጥፍሮቹ ተሰብረዋል።"

ኮማንደር ወርቁ ይህን ሲሰሙ ጠረጴዛቸውን በመዳፋቸው መታ አደረጉ። "እንግዲህ ነገሩ ተፈታ። ሰውየው በክሎሪን ሞተ። በዚያ ቤት ክሎሪን የሚነካ ማን ነው? ሳኒ። ያዘው።"

"ሳኒ ዝክር ላይ ነበር፣ ኮማንደር። ምስክሩ ብዙ ነው።"

"ወጥመድ ያጠመደ ሰው ወጥመዱ አጠገብ ቆሞ አይጠብቅም። ያዘው አልኩህ።"

ፍፁም ያዘው። ሳኒ እጁን ሲሰጥ አልተከራከረም፤ "አላህ ያውቃል" ብቻ አለ። ሚስቱ ሐዋ ምሳውን በሰሃን ቋጥራ መጥታ ጣቢያው በር ላይ ቆመች። ሰሃኑን ከተቀበሏት በኋላም አልሄደችም። ፍፁም በወጣ በገባ ቁጥር ዓይኗ ይከተለዋል፣ አንዲት ቃል ግን አትናገረውም። ብትሰድበው ይቀለው ነበር።

*

ቀብሩ ሰኞ ከሰዓት በመድኃኔ ዓለም ሆነ። ፍትሐቱ ተደረገ፣ አፈሩ ተመለሰ። ሕዝቡ ሲበተን ፍፁም አንድ የገጠር ቄስ ከመቃብሩ ራቅ ብለው ዛፍ ሥር ቆመው ሲያለቅሱ አየ። ማንም አያውቃቸውም። ጠጋ ብሎ መስቀል ተሳለመ።

"መምሬ አሥራት እባላለሁ" አሉ። "በድሬ ጠያራ መንገድ ካለችው ከትንሿ ሚካኤል ነኝ። ሟቹ የንስሐ ልጄ ነበር፣ በዚህ ዓመት የመጣ።"

"ቤተሰቡን አጽናኑ እንጂ አባ፣ ምነው ዳር ቆሙ?"

ቄሱ ነጠላቸውን አጣፉ፣ መልሰው ዘረጉ። "ምን ብዬ ላጽናና? ትናንት ጠዋት በኔ እጅ ቆርቧል።"

ፍፁም የሰማውን አላመነም። "ጌታነህ?"

"ከሰባት ዓመት በኋላ። መጠጡንም ትቶ ነበር። 'ለእናቴ አይንገሩብኝ፣ በሚካኤል ምሳ ላይ ራሴ እነግራታለሁ' ብሎኝ እየሳቀ ሄደ። ከሰዓት ደግሞ ዋና ገብቶ ሰጠመ አሉኝ። የቆረበ ሰው እንኳን ሊዋኝ እግሩን አይታጠብም፣ ምራቁን አይተፋም። ቅዱስ ቁርባኑን ተቀብሎ ውሃ ገባ ብዬ ለእናቱ እንዴት ልንገራት?"

ፍፁም እጃቸውን ያዘ። "አልገባም፣ አባ።"

ይህን ያለው ሳያስብ ነው፤ ካለው በኋላ ግን እውነት መሆኑን አወቀ። ቁምጣውን ጌታነህ አልለበሰውም፤ ያለበሰው ሰው አለ። ያለበሰው ሰው ደግሞ መቁረቡን አያውቅም ነበር።

*

የፓምፑ ክፍል ከቤቱ ጀርባ ነው፣ ደረጃ ወርደው የሚገቡበት፣ መስኮት የሌለው የሲሚንቶ ጉድጓድ። የብረት በሩ ቁልፍ ተሰብሮ አዲስ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል። ፍፁም ከቀብሩ በቀጥታ መጥቶ ተክለጻድቅን ከሐዘንተኛው መሃል አስነሳው።

"መክፈቻውን አምጣ።"

"እዚያ ምን አለ? ፓምፕ ነው።"

"አምጣ ተክሌ።"

ሲከፈት የክሎሪኑ ሽታ ገና አለ፤ ዓይን ይቆነጥጣል። ጥጉ ላይ የዱቄቱ ጆንያ አፉ ተከፍቶ ተቀምጧል። ክሎሪኑ የሚበጠበጥበት በርሜል ታጥቦ ባዶ ነው። ቢጫ ባልዲ የለም፤ ሳኒ በምርመራው ላይ ደጋግሞ የጠቀሰው ቢጫ ባልዲ።

ሳኒ የነገረው ይህን ነበር። ቦቴ የሚያመጣው ውሃ ኖራ ይበዛበታል፤ ኖራ የበዛበት ውሃ ክሎሪኑን ያሰንፈዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የመኪና ባትሪ አሲድ በውሃ በርዞ ወደ ገንዳው ያስገባል፤ ግማሹን ቅዳሜ፣ ግማሹን ሰኞ። የሰኞውን ድርሻ በቢጫ ባልዲ እዚሁ ክፍል ትቶት ነው የሄደው። አሲዱና ክሎሪኑ እንዳይገናኙ ባልዲያቸው እንኳ የተለያየ ነው። ከተገናኙ ሰው የሚገድል ጋዝ ይወጣል። "ባልዲው የታለ?" እያለ ነው ሳኒ ከእስር ቤት ሆኖ የሚጠይቀው። "ያንን ባልዲ አግኙልኝ፣ ወላሂ ሌላ አልፈልግም።"

ፍፁም በሩን ከውስጥ በኩል ዘጋ አድርጎ በባትሪው አበራ። እጀታው የለም። ሥሩ ላይ ዝገት በልቶት ተሰብሯል፤ የክሎሪን ትነት ለብረት አይራራም። ቁራጩ ወለሉ ላይ፣ ከፓምፑ ሥር ወድቋል። በሩ ላይ ደግሞ ከደረት ከፍታ ጀምሮ ቀለሙ ተፋፍቋል። የጣት ነው። ወደ ታች እየወረደ፣ እየቀለለ ሄዶ ወለሉ አጠገብ ያልቃል።

ፍፁም አየሩ አነሰው፤ በሩን ረግጦ ከፈተና ደረጃው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ።

"ያንተ ሱሪ" አለ ቀና ሳይል። "ነጩ ነጠብጣብ የክሎሪን ነው። ሳሉም የጭስ አይደለም። ሬሳውን ከዚህ ተሸክመህ ወደ ገንዳው የወሰድከው አንተ ነህ። አሲድና ክሎሪን ሲገናኙ ምን እንደሚሆን በዚህ ቤት አንተ ታስተምራለህ። ምን አደረገህ ወንድምህ?"

ተክለጻድቅ ግድግዳው ላይ ተደገፈ። 

"ራሱን አጥፍቶ ነው ያገኘነው።"

"ምን?"

"በሩ ተቆልፏል፣ መክፈቻው ከሱ ጋር ውስጥ ነው። በዲጂኖ ሰበርኩት። በርሜሉ እየፈላ ነበር፤ አሲዱና ክሎሪኑ ተቀላቅሎ።  እሱ ደግሞ ሥራውን ያውቀዋል፣ ከሳኒ ጋር ስንት ጊዜ አብሮ በጥብጧል። በስህተት የሚያደርገው ነገር አይደለም። ቤዛ ከሞተች ጀምሮ የምንፈራው ይህንን ነበር።" አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። "እማዬ 'ራሱን ያጠፋ ፍትሐት የለውም፣ ልጄን እንደ ውሻ ከአጥር ውጭ አልቀብርም' አለች። ልብሱን አወለቅን። ቁምጣውን ያለበሰችው እሷ ነች።"

"ሳኒስ?"

"ይለቁታል ብለን ነው።"

"አልለቀቅነውም፣ ተክሌ። እንደ ወንጀለኛ ቆጥረን ይዘነዋል።"

ተክለጻድቅ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ፍፁም ያወቀውን ሊነግረው አፉን ከፈተና ዘጋው። ራሱን ሊያጠፋ የወረደ ሰው ጥፍሩ እስኪሰበር በር አይቧጥጥም። ከቅዳሴ የመጣ፣ ለእናቱ የምሥራች የያዘ ሰው በዚያች ጠዋት ሞትን አይመኝም። ጌታነህ የወረደው ልጆቹ ከሰዓት ሳይመጡ ውሃውን ሊያክም ነው። የሰፈሩ ጭስ እንዳይገባበት በሩን ዘጋው። በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ ነው ብሎ ዱቄቱን ጨመረ። የተበረዘ አሲድ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው።

አሲዱን ወደ በርሜሉ የገለበጠው ግን ማን ነው?

*

"ሳኒ ነዋ" አሉ ኮማንደር ወርቁ ማክሰኞ ጠዋት። "ወይ አሲዱን ሆን ብሎ በርሜሉ ውስጥ ትቶታል፣ ወይ ረስቶት ሄዷል። ሆን ብሎ ከሆነ ግድያ፣ ረስቶ ከሆነ ቸልተኝነት። ሁለቱም ያስቀጣል።"

"በባልዲ ነው የተውኩት ይላል።"

"ባልዲው አፍ የለው! እይ ፍፁም፣ ሁለት መንገድ አለህ። ራሱን አጠፋ ብለህ ጻፍ፣ ሳኒ ይውጣ፤ ያሳደጉህ ሴትዮ ግን የልጃቸው ስም በከተማው ሁሉ ይነሳል። ወይ ሳኒ አጠፋ ብለህ ጻፍ። ሦስተኛ መንገድ ካለህ ነገ ጠዋት አሳየኝ፣ ከዚያ ፋይሉን ለዓቃቤ ሕግ እሰጣለሁ።"

ፍፁም ቢሮው ገብቶ በሩን ዘጋ። በመስኮቱ ሐዋ ትታየዋለች፣ ዛሬም ያችኑ በር ይዛ ቆማለች። ቅዳሜ ከሰዓት ሳኒ ከወጣ በኋላ በዚያ ግቢ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ሞቷል። ሁለተኛው ኬሚስትሪ አስተማሪ ነው፤ ገዳይ ቢሆን ኖሮ ሬሳውን እዚያው ትቶ "ራሱን አጠፋ" ማለት ይበቃው ነበር፣ ወደ ገንዳ አይሸከመውም። ሦስተኛዋ...

ፍፁም እጁን አየ። እሑድ የታጠበበትን ግማሽ ጣሳ፣ ሳፋውን፣ ወደ ባልዲው የተገለበጠውን እጣቢ አስታወሰ። በዚያ ቤት የሩዝ እጣቢ እግር ይታጠብበታል፣ የእግሩ እጣቢ ሽንት ቤት ይለቀቅበታል። በዚህ ድርቅ፣ ሐረር ውስጥ ባልዲ የምትፈልግ ሴት ግማሽ ውሃ ያለበት ባልዲ ብታገኝ ምን ታደርገዋለች? መሬት ላይ ትደፋዋለች? አትደፋውም። ከሌላው ውሃ ጋር ትቀላቅለዋለች።

አንገቱን በሁለት እጁ ያዘ። ያወቀውን መልሶ ባያውቀው በወደደ። ወደ ቀኝ ቢል ሳኒ፣ ወደ ግራ ቢል የጌታነህ ስም፤ ፊት ለፊት ደግሞ አጉርሰው ያሳደጉት እጅ። ማክሰኞን እንዲሁ ዋለ። ምሳ አልቀመሰም፣ ሰውም አላናገረም። ሦስተኛ መንገድ መኖሩን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው፣ ዝም ቢል ማንም አይጠይቀውም። ሲመሽ ወደ ቤቱ ሲሄድ ሐዋ ከበሩ ላይ የለችም። ሰሃኑን ግን አጥሩ ሥር ትታው ሄዳለች።

*

ረቡዕ ሠልስቱ ነበር። ድንኳኑ ሞልቷል። ፍፁም ማልዶ ደርሶ ወይዘሮ ገላነሽንና ተክለጻድቅን ወደ ጓዳ ጠራቸው።

"እማማ፣ ጌታነህ ራሱን አላጠፋም።"

አሮጊቷ ልጃቸውን ተክለጻድቅን በቁጣ አዩት።

"የነገረኝ እሱ ብቻ አይደለም" አለ ፍፁም። "በሩ ከውጭ ያልተከፈተው ሲዘጋ ራሱ ስለሚቆለፍ ነው። የውስጡ እጀታ ዝጎ ተሰብሮበታል። ሊወጣ ፈልጓል። ደግሞም ሚካኤል ዕለት ጠዋት ቆርቧል። ያቆረቡትን ቄስ አግኝቻቸዋለሁ። መጠጥ ትቶ ነበር። በምሳ ላይ ሊነግርዎ ነበር።"

ወይዘሮ ገላነሽ በጉልበታቸው ተንበርክከው መሬቱን ሳሙ፣ ቀና ሲሉ ደግሞ እልልታቸውን ለቀቁት። ሦስት ቀን የተለቀሰበት ድንኳን ጸጥ አለ። ውጭ ያለው ሰው እናቲቱ አበደች ብሎ ይሆናል።

"ልጄ ዳነ" አሉ። "ልጄ ነፍሱ ዳነች። ተመስገን። ፍፁምዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ልጄን መለስክልኝ።" እጁን ይዘው መዳፉን ሳሙት።

እዚህ ላይ ሊያቆም ይችል ነበር። ሁሉ ነገሩ አቁም ይለዋል፤ የሳሙት መዳፉም ጭምር። ግን የሐዋ ሰሃን አጥር ሥር እንደተቀመጠ ነው።

"እማማ" አለ።  "ሚካኤል ዕለት ጠዋት፣ ከቤተ ክርስቲያን በፊት፣ የፓምፑ ክፍል ወርደው ነበር?"

"ወርጃለሁ እንጂ። ቆሻሻውን ስናቃጥል እሳቱ እንዳይዛመት በአጠገቤ ውሃ ላኖር ባልዲ ፈለግኩ። ቢጫውን አገኘሁት።"

"ባዶ ነበር?"

"ግማሽ ውሃ ነበረው። ያን የመሰለ ንጹሕ ውሃ! ወደ በርሜሉ ገልብጬ ባልዲውን ይዤ ወጣሁ። እጣቢ አጠራቅሜበት አመድ አጠፋሁበት፣ ጓሮ ነው ያለው። ምነው? መድፋት ነበረብኝ እንዴ?"

ተክለጻድቅ "እማዬ" ብሎ ተነሳ።  ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ወይዘሮ ገላነሽ ከአንዱ ወደ አንዱ አዩ። ፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ ወዲያው አልጠፋም፤ ትንሽ ቆየ።

"ምን ሆናችሁ? ተናገሩ እንጂ።"

ፍፁም የጓዳውን በር ገርበብ አደረገ።

"ፍፁም። ውሃ አልነበረም?"

"አልነበረም፣ እማማ።"

መሬት ላይ እንደተንበረከኩ እጃቸውን አዩ። ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን። ከዚያ በጣም በቀስታ ጠየቁ።

"አንኳክቷል? እኔ እዚያ ንግሥ ላይ እልል ስል፣ ልጄ አንኳክቷል?"

"አላንኳኳም" አለ ፍፁም። "ወዲያው ነው የወደቀው። አልተሰማውም።"

በዚያ ምርመራ ከጀመረበት እስከ ጨረሰበት የዋሸው እዚህ ላይ ብቻ ነው። እሳቸው አመኑት አላመኑት አላወቀም። ነጠላቸውን ሰብስበው ግድግዳውን ይዘው ተነሱ።

"ሳኒ ያለበት ውሰደኝ።"

*

ኮማንደር ወርቁ የወይዘሮ ገላነሽን ቃል ሲቀበሉ አንድ ጊዜም ቀና አላሉም። ቢጫው ባልዲ ከጓሮ ተገኝቶ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጧል። ሲጨርሱ መዝገቡን ዘጉና ሳኒን አስመጡ። ሐዋም ከበር ገባች።

ወይዘሮ ገላነሽ ከወንበራቸው ተነስተው ፊቱ ቆሙ።

"ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ" አሉት። "ያንን ሳላውቅ ነው። አንተ ጥፋት እንደሌለብህ ግን አውቅ ነበር። ስትታሰር ሰማሁ፣ ዝም አልኩ። ለልጄ መቃብር ብዬ አንተን እዚህ ተውኩህ።"

ሳኒ ኮፍያውን በእጁ ያሽ ነበር። "ቀደር ነው፣ እማማ" አለ በመጨረሻ። "አላህ የጻፈው ነው። ጋሼ ጌታነህን አላህ ይዘንለት።"

ሐዋ ግን ከባሏ ጎን ሆና አሮጊቷን ትክ ብላ አየቻቸው። "እኛም ልጆች አሉን" አለች። ሌላ አልጨመረችም። የሳኒን ክንድ ይዛ ወጣች።

"እኔንስ የት ታስሩኛላችሁ?" አሉ ወይዘሮ ገላነሽ።

ኮማንደሩ መዝገቡን ገፋ አደረጉት። "ባልዲውን አውቀው አልገለበጡትም። የሬሳው ነገር ቢሆን እንኳ በዕድሜዎና በሐዘንዎ ማንም አይከስዎትም። ይሂዱ፣ እናቴ። ወደ ቤትዎ ይሂዱ። ፍፁም ያደርስዎታል።"

"የት ቤት?"

"ቤትዎ ነዋ። ከልጅዎ ጋር።"

ወይዘሮ ገላነሽ ፍፁምን አዩት። ዓይናቸው የሚለምን ይመስላል፣ የሚለምኑትን ግን ሕግ አይሰጥም። ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ሳኒ ለቃል በተጠራ ቁጥር ይቀመጥበት የነበረው የእንጨት አግዳሚ ባዶውን ነበር። እዚያ ሄደው ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ሳቡ።

"እማማ፣ መኪናው ቆሟል" አለ ፍፁም።

"ይቁም።"

"ሰው ይጠብቅዎታል። ሠልስቱ ነው።"

"አውቃለሁ ልጄ። እዚህ ልቀመጥ። እስቲ ትንሽ እዚህ ልቀመጥ።"

ፍፁም አጠገባቸው ተቀመጠ።